የሀጂ ከድሮ የአንገት ደም ሥር

«ሙባሪክን የጣለው ኪኒኑ ነው!»

ሀጂ ከድሮ ይህን ያላሉበት ቦታ አልነበረም። እንሴኖ ገበያ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ብለውታል፤ መስጊድ በር ላይ ጫማ እያጠለቁ ብለውታል፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ብለውታል። ታናሽ ወንድማቸው ሙባሪክ የደም ግፊት ኪኒን በጀመረ በዓመቱ ግማሽ አካሉ ሽባ ሆኖ፣ አንደበቱ ተዘግቶ አልጋ ላይ ቀርቷል። ወሬ ከሚኒባስ ይቀድማልና፣ ይህን የሰማ ስንቱ ገበሬ ኪኒኑን አሽቀንጥሮ ጣለ።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ ከእንሴኖ ወደ ቡታጅራ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ያው ወሬ ተነሳ። አላህ ሲያገጣጥም ከሀጂ ጎን የተቀመጠችው የቡታጅራዋ ነርስ ዛህራ ነበረች። ዛህራ ደግሞ ውሸት ስትሰማ አፏን የሚበላት ሴት ናት።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሀጂ። ለመሆኑ ሙባሪክ ኪኒኑን በየቀኑ ይውጥ ነበር?»

«ወዐለይኩም ሰላም። ራሱን ሲያመው ይውጣል፣ ሲሻለው ይተዋል። ደህና ሰው መድኃኒት ይቅማል እንዴ?»

«ታዲያ የጣለው ያልዋጠው ኪኒን ነዋ!»

ረዳቱ ሳቀ። ሳቁ ለሀጂ አልጣማቸውም።

«የትናንት ልጅ! እናትሽን እኔ ነኝ የዳርኳት፤ ዛሬ አፍሽን ትከፍቺብኛለሽ?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ አፌን የከፈትኩት ወሬው ላይ ነው። እጅዎ ላይ ያለው ፖስታ ምንድን ነው?»

አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ግድ ብሎ ያስነሳቸው የአንገት አልትራሳውንድ ነበር። ሐኪሙ ኪኒን አዟል፤ ሀጂ ኪኒኑን ትተው ወረቀቱን ብቻ ይዘው መጥተዋል። ዛህራ ስታነበው ፊቷ ጠቆረ።

«ሀጂ፣ ወደ አንጎል ደም የሚያወጣው የአንገትዎ ደም ሥር ግድግዳው ወፍሯል። አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ መሙላት ያልነበረበት አንድ ነጥብ አራት ደርሷል። በግራ በኩልማ ስብ ጋግሮበታል።»

«ግድግዳው የወፈረ ቤት ይጸናል እንጂ መች ይፈርሳል?»

«የእርስዎ የወፈረው እኮ ወደ ውስጥ ነው፤ መኝታው ሳይቀር ግድግዳ ሆኗል። ደሙ በየት ይለፍ?»

ሀጂ አንገታቸውን ዳሰሱ። «የሙባሪክም እንዲህ ነበር?»

«የለም። ስትሮክ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው ደም ሥር ሲዘጋ ነው፤ ከአንገት የተላቀቀ ጓል አንጎል ድረስ ሄዶ ይወትፈዋል። ይህን ስቡ፣ ስኳር በሽታው፣ ሲጋራው፣ ቁጭ ብሎ መዋሉ ያመጣዋል። ሁለተኛው ደም ሥር ሲፈነዳ ነው፤ ሙባሪክ የወደቀው በዚያ ነው፤ የሕክምና ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ግፊት ለሁለቱም አባት ነው፤ አንዱን ያወፍራል፣ ሌላውን ያፈነዳል።»

«እኔን ራሴን አሞኝ አያውቅማ!»

«ሙባሪክን በወደቀበት ቀን ጠዋት ምን አሞት ነበር?»

ሀጂ ፖስታውን ከእጇ ተቀብለው አጠፉት።

«ምንም» አሉ። «ክትፎ አብረን በላን። ይስቅ ነበር።»

አዋቂ ነኝ የሚል ሁሉ ይህን ይያዝ፤ ሽማግሌ በሚሊ ሜትር አይረታም። ሀጂን የረታቸው የወንድማቸው ሳቅ ነው።

«እና ቅቤውን ልተወው ነው? ጉራጌ ቅቤ ትቶ ምን ሊባል?»

«በሕይወት ያለ ጉራጌ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ዛህራም በሳቁ መሐል ኪኒን በየቀኑ፣ ጨውና ቅቤ መቀነስ፣ በእግር መሄድ ብላ በጣቷ ቆጥራላቸው፣ ቡታጅራ ስትደርስ እንደ ረታ ሰው ደረቷን ነፍታ ወረደች። የነገረቻቸውን ታውቃለች፤ የሰሙትን ግን አልጠየቀችም።

ሀጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒኑን መዋጥ ያዙ። በየመስጊዱ «ሙባሪክን የጣለው ያልዋጠው ነው፤ እኔ ዋሽቻችኋለሁ» እያሉ ይዞሩ ጀመር። ይህን ለማለት ስንት ሽማግሌ ይደፍራል? ከእንሴኖ ሠላሳ ሰው ተነስቶ ግፊቱን ተለካ፤ አሥራ አንዱ ሳያውቁት ታመው ኖረዋል። የጣሉትን ኪኒን መልሰው የያዙም ነበሩ፤ እነዚያ ዛሬም እርሻቸው ላይ ናቸው። የሀጂም ግፊት በአራት ወር ወረደ፤ ቁልቁለት ብቻ ሳይሆን ዳገትም ያለ ምርኩዝ ይሄዱ ጀመር።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ሀጂ ከድሮ መንገድ ላይ ወደቁ። ቀኝ እጃቸው ዛለ፣ አንደበታቸው ተሳሰረ። አዲስ አበባ ወስደው ሲያስነሷቸው፣ የግራ አንገታቸው ስብ ተላቅቆ የአንጎል ደም ሥር ወትፏል ተባለ። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ዛህራ ለቅሶ ስትደርስ ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ጥግ ላይ የሚንሾካሾኩ አሉ፤ ኪኒኑ ገደላቸው እንደሚሉ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ዛህራ ከባለቤታቸው ከእማማ ዘይባ ጎን ተቀመጠች።

«እማማ፣ ኪኒኑን አቋርጠው ነበር?»

«ወላሂ አንድ ቀን አላጎደሉም!» አሉ እማማ ዘይባ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ከኪኒኑም ሌላ ያልደከሙት ድካም የለም። ወጌሻው ስቡን ያላቅቅልኝ ብለው በየሰኞው ቡኢ ድረስ እየሄዱ አንገታቸውን በቅቤ ይታሹ ነበር። የወደቁትም ከዚያው ሲመለሱ ነው።»