አካላቸውን ለሐኪም ተማሪዎች የሰጡት የአቶ ኅሩይ ከተማ ሕይወት

ከዙሪክም ከዚህ ከጄኔቭም የመጣችሁ ዘመዶችና ወዳጆች፣ ፊታችሁ ሣጥን ስለሌለ ግራ እንደገባችሁ ቤተሰቡ ያውቃል። ሬሳ በሌለበት ፍታት ይሁን አይሁን እየተባለ ሲያከራክር ስለሰነበተ፣ ነገሩ ከሥሩ ይነገር ተብሎ ልጃቸው ሂሩት ታነብላችኋለች።

አቶ ኅሩይ ከአባታቸው ከአቶ ከተማና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻረግ አዲስ አበባ ጉለሌ ተወለዱ። ፊደል ከቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው ዩኒቨርሲቲ ደረሱና የታሪክ አስተማሪ ሆኑ። በጣም የሚወዱት የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት የተከፈለችበትን፣ ሰውም ስለ ሰማዩና ስለ ገላው መመራመር የጀመረበትን ዘመን ማስተማር ነበር። አንድ ተማሪ ሲመልስላቸው "ለምን?" ስለሚሉ፣ ልጆቹ "ጋሼ ለምን መጡ!" እያሉ ይሳሳቁባቸው ነበር። ወይዘሮ የወይንሐረግን አግብተው ሂሩትን ወለዱ።

በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ታናሽ ወንድማቸው ኃይለመለኮት ከቤት ተወሰደ። አቶ ኅሩይ በየቀኑ እስር ቤት ምግብ ያመላልሱለት ነበር። አንድ ቀን በሩ ላይ ያለው ወታደር ሳህኑን ሳይቀበል "ከእንግዲህ አታምጡ" አላቸው። ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ሬሳም አልተሰጠም፣ ለቅሶም ተከለከለ። እሳቸው ግን "ሬሳውን ሳላይ ሞተ አልልም፣ ፍታትም አይደረግም" አሉ። እስከ መጨረሻውም ከዚህ ቃላቸው አልተነቃነቁም።

በማግስቱ ዓመት ተሰደው ጄኔቭ ገቡ። ቤታቸው ቬርኒየ ነበር፣ ሥራቸው የአንድ አሮጌ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ጥበቃና ጽዳት። እዚያ ሥዕል የሚባል የለም። የዛሬ አራት መቶ ዓመት ሃይማኖት እናድስ ያሉት ሰዎች ግድግዳውን በኖራ ለቅልቀውታል። ዝናብ ሲከርም ግን ከኖራው ሥር መጀመሪያ አንድ ዓይን፣ ቀጥሎ የፊት ግማሽ ይወጣል። ሂሩት ካየችው በኋላ ብቻዋን መግባት ፈራች። አባቷ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው "ሸፈኗቸው እንጂ አልሄዱም" አሏት። ይሄ ደግሞ ፍርሃቷን አባሰው።

ሂሩት በፈረንሳይኛ አፏ አልፈታ ብሏት ክፍል ውስጥ ኋላ ነበር የምትቀመጠው። ቤተ ክርስቲያን ስለተከፈለችበት ስለዚያ ዘመን ሰሌዳ ፊት ቆማ እንድትናገር ስትታዘዝ፣ አባቷ ሻምፔል ኮረብታ ላይ ወዳለ አንድ ድንጋይ ወሰዷት። እዚያ ሰርቬት የሚባል ስፔናዊ ሐኪም ስለ ሥላሴ የተለየ ነገር ጻፍክ ተብሎ ከነመጽሐፉ ተቃጥሏል። ያቺው መጽሐፍ ደም በሳንባ ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስም ትናገር ነበር።

"ድንጋዩ ሥር ማን አለ?" አለች።

"ማንም የለም። ያቃጠሉት ለውጥ አመጣን ባዮች ናቸው። ልጅ ልጆቻቸው ቆጭቷቸው ይቺን አቆሙለት።"

ሂሩት ክፍል ገብታ ይሄን ስትናገር የሳቀባት አልነበረም። ከዚያን ቀን ወዲህ ፊት ትቀመጣለች።

አምና አቶ ኅሩይን ሳንባቸው ታሞ ያስላቸው ጀመር። ሆስፒታል የተኙበት ክፍል መስኮት ወደዚያው ኮረብታ ያይ ነበር። አካላቸው ለሐኪም ተማሪዎች እንዲሰጥ የፈረሙት ያን ጊዜ ነው። ባለቤታቸው "የወንድምህን ሬሳ ስምንት ዓመት ስትጠብቅ ኖረህ፣ የራስህን ትከለክለኛለህ?" አሏቸው። እሳቸውም "የኃይለመለኮትን ማን እንደወሰደው አላውቅም። የኔን ግን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የት እንዳለሁ ታውቂያለሽ" ብለው መለሱ። በጥቅምት መጨረሻ ዐረፉ። ቤተሰቡ ጠዋት ሲደርስ አልጋው ተነጥፎ ነበር።

ወይዘሮ የወይንሐረግ ለዘመድ በስልክ "ወስደውታል፣ አይሰጡንም" ብቻ ነው ያሉት። ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ያሉት የቤተሰቡ ታላቅ ዘመድ ጋሼ ተክለሃይማኖት በመጀመሪያው ባቡር ደረሱና መጋረጃውን ዘጉ፣ የወንዶቹን ጥቁር ከራቫት አስፈቱ። "ድምፅ እንዳይወጣ። ወሬው ኤምባሲ ከገባ አገር ቤት ያሉትን ይለቅሟቸዋል" አሉ። ማን ወሰደው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፣ ሁሉም እንደ ኃይለመለኮት ጊዜ መንግሥት የወሰደው መስሎት ነበር። ነጠላ አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ። አበባ ይዛ የመጣች የስዊስ ጎረቤት ያንን ሁሉ ዓይን ስታይ አበባውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደኋላዋ ወጣች። ሂሩትም ምንም እንዳልሆነ ሰው ትምህርት ቤት ተላከች።

በሦስተኛው ቀን ግን ሰው ምን እንደመሰለው ገብቷት፣ ከትምህርት ቤት ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። "ጋሼ፣ የወሰዳቸው የለም። አባባ ራሳቸው ናቸው የሰጡት።"

"ለማን?"

"ለሐኪም ተማሪዎች።"

"እንዲቆራርጡት? ይሄ ይሻላል ብለሽ ነው የምትነግሪን?"

እናቷ ያን ጊዜ ነው የጮኹት። ቤቱም አብሮ ጮኸ።

ትናንት ማታ ዘመዶች ስለ ፍታቱ ሲጨቃጨቁ ቀሲስ ንዋይ "ባሕር የዋጠውን፣ አውሬ የበላውን እግዚአብሔር አያጣውም፤ ተማሪ ያየውን ያጣዋል?" አሉ። ክርክሩ ግን አልበረደም። ወይዘሮ የወይንሐረግ ተነሥተው "እንግዲያው የሁለቱንም ስም ይጥሩልኝ። ባለቤቴ ሬሳ ካላየሁ ሲል ሞተ፣ እኔ አልጠብቅም" አሉ። ቀሲስ የኃይለመለኮትን የክርስትና ስም ጠየቁ። ወይዘሮ የወይንሐረግ ቀስ ብለው "ገብረ ማርያም" አሉ። ጋሼ ተክለሃይማኖት ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

አቶ ኅሩይ ባለቤታቸውን ወይዘሮ የወይንሐረግን፣ ልጃቸውን ሂሩትን፣ አገር ቤት ያሉትን እናታቸውን ወይዘሮ የሻረግን ትተው ሄደዋል። ከቀሩት መካከል ወንድማቸው ያልተጠራው ተረስቶ አይደለም፣ ስሙ አሁን በፍታቱ ስለሚጠራ ነው። ጌታ የሁለቱንም ነፍስ ካሉበት ሰብስቦ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። እዚህ የሚከለክል የለም፣ ማልቀስ የፈለገ ድምፁን አውጥቶ ያልቅስ።