ጭራቁ የለበሰው ግድግዳ

ደብረ ማርቆስ፣ ረፋድ ላይ፤ በወይዘሮ ይመናሹ ግቢ ግንበኛው ሲሚንቶ እያቦካ ነው፤ ካርቱን ሠሪዋ ተከራይ ማስተዋል ላፕቶፕዋን ታቅፋ ከማድቤቱ ግድግዳ ፊት ተገትራለች።

ይመናሹ፦ ማስተዋል፣ ከግድግዳው ዘወር በይ ብያለሁ! ሲሚንቶው ድንጋይ ሊሆን ነው።

ማስተዋል፦ እትዬ ይመናሹ፣ እባክዎ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ። ፎቶ ላንሳው፤ ከዚያ ያስለስኑት።

ይመናሹ፦ የማድቤት ግድግዳ ፎቶ? ምነው፣ ልትድሪው ነው?

ማስተዋል፦ ለሥራዬ ነው።

ይመናሹ፦ ሥራሽ ካርቱን አይደለም እንዴ? እሁድ ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ይህን የተላጠ ኖራ አይተው ምን ይበሉ?

ማስተዋል፦ የተላጠው እኮ ነው የሚያምረው!

ይመናሹ፦ ተይ አትቀልጂብኝ።

ማስተዋል፦ እሺ ልንገርዎ። ኮምፒውተር ላይ የምንሠራው ፍጡር መጀመሪያ ቅርጽ እንጂ ቆዳ የለውም። እንደተላጠ ድንች ልሙጥ ነው። ስለዚህ የዛፍ ቅርፊት ይሁን ድንጋይ፣ የእውነተኛ ነገር ፎቶ አንስተን ሶፍትዌሩ ውስጥ እናስገባና እናለብሰዋለን። ትራስ ጨርቅ እንደማልበስ ይበሉት።

ይመናሹ፦ እና የእኔን ግድግዳ ለማን ልታለብሺው ነው?

ማስተዋል፦ አልብሼዋለሁ እኮ። ባለፈው ወር።

ይመናሹ፦ ለማን?

ማስተዋል፦ ለአንድ... ግዙፍ ሰውዬ።

ይመናሹ፦ ሰውዬው ስም የለውም?

ማስተዋል፦ ጭራቅ ነው፣ እትዬ።

ይመናሹ፦ ያ ቅዳሜ ቅዳሜ በቴሌቪዥን የሚመጣው? ሕፃን የሚበላው?

ማስተዋል፦ እስካሁን አንድም አልበላም። ይሞክራል እንጂ።

ይመናሹ፦ እኔ ደግሞ ይህን ፊት የት ነው የማውቀው እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩ! በይ፣ አንዴ ከለበሰ አይበቃውም? ዘወር በይ።

ማስተዋል፦ የለበሰው ከፊት ብቻ ነው። በሚቀጥለው ክፍል ልጆቹ ያባርሩትና ዞሮ ይሮጣል። ጀርባው ባዶ ነው።

ይመናሹ፦ ቂጡስ?

ማስተዋል፦ እሱም።

ይመናሹ፦ በስመ አብ! በሕዝብ ፊት!

ማስተዋል፦ ይኸው ነው ጭንቄ! ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን አላነሳሁትም ነበር፤ የሌላ ቤት ግድግዳ ደግሞ ከፊቱ ጋር አልገጥም አለኝ። ነገ ካላስረከብኩ መባረሬ ነው።

ይመናሹ፦ ቆይ ቆይ። ለፊቱ የወሰድሽው ከየት በኩል ነው?

ማስተዋል፦ በሩ አጠገብ ካለው።

ይመናሹ፦ እጅ ከታተመበት?

ማስተዋል፦ የማን እጅ እንደሆነ አላውቅም ነበር...

ይመናሹ፦ የበላቸው ነዋ! የባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና! ቤቱን ራሱ መርጎ፣ ጭቃው ሳይደርቅ "ማኅተሜን ላሳርፍበት" ብሎ መዳፉን የለጠፈበት! የት አደረግሽው እጁን?

ማስተዋል፦ ጭራቁ ሆድ ላይ።

ይመናሹ፦ ሆድ ላይ! ስሙ በላቸው ይሁን እንጂ ሰውዬው ማንንም አልበላም! ሥጋ እንኳ አይወድም ነበር!

ማስተዋል፦ ይቅርታ እትዬ። ላጠፋው ሞክሬ ነበር፤ እጁን ሳወጣው ጭራቁ በድን ሆነብኝ።

ይመናሹ፦ አሳዪኝ።

ማስተዋል፦ ይኸው።

ይመናሹ፦ ሌባ ጣቱ እንኳ እንደተጣመመ ነው... ይንቀሳቀሳል?

ማስተዋል፦ ጭራቁ ሲስቅ ሆዱ ይነፋል፤ ያኔ መዳፉ ይከፈታል።

ይመናሹ፦ እስቲ አስቂው።

ማስተዋል፦ ይኸው፣ ሳቀ።

ይመናሹ፦ ድገሚው።

ማስተዋል፦ እትዬ፣ ደህና ነዎት?

ይመናሹ፦ ዝም በይና ድገሚው።

ማስተዋል፦ እንዲህ እየወደዱት ለማስለሰን እንዴት ጨከኑ?

ይመናሹ፦ ልጄ ናት "እማዬ፣ እንግዳ ፊት ያሳፍረናል" ያለችው። እኔም ባለፍኩ ቁጥር እየነካሁት ሊጠፋ ነው፤ ይሸፈንና ከእኔ እጅ ይረፍ አልኩ።

ማስተዋል፦ እዚህ ውስጥ ግን ቢነኩትም አይጠፋም።

ይመናሹ፦ መጨረሻው ምንድን ነው?

ማስተዋል፦ የማን?

ይመናሹ፦ የጭራቁ ነዋ!

ማስተዋል፦ ገደል ገብቶ ይሞታል።

ይመናሹ፦ አንተ ግንበኛ! ና ጀምር!

ማስተዋል፦ ኧረ ቆይ! ኧረ እትዬ፣ ታሪኩን የምጽፈው እኔ አይደለሁም!

ይመናሹ፦ ለሚጽፈው ደውዪለት። ባሌን አንዴ ቀብሬዋለሁ፤ በቴሌቪዥን ደግሜ አልቀብርም!

ማስተዋል፦ እሺ፣ እሺ! እግሩ ላይ ወድቄም ቢሆን አስቀይረዋለሁ። ከልጆቹ ጋር ይታረቃል፤ ሰው መብላቱንም ይተዋል።

ይመናሹ፦ ሚስት አለችው?

ማስተዋል፦ የለችውም።

ይመናሹ፦ ታዲያ ሰው ቢበላ ምን ይገርማል? ማን አብስሎለት!

ማስተዋል፦ ሚስትም እንፈልግለታለን። ለእሷ ግን ሌላ ቆዳ ያስፈልጋታል። የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ አጥር ጥሩ ሻካራ...

ይመናሹ፦ አስካለ?! ባሌ በሕይወት ሳለ ዓይኗን ከላዩ አንስታ የማታውቀዋ አስካለ? አሁን ደግሞ ከጎኑ ልታቆሚያት!

ማስተዋል፦ አጥሯን ነው ያልኩት እንጂ...

ይመናሹ፦ አንተ ግንበኛ፣ ተወው፣ ግድግዳው እንዳለ ይቆያል! አንቺ ደግሞ የባሌን ጀርባ አንሺና ስትጨርሺ ወደ ውስጥ ግቢ፤ የሚስቱ ቆዳ የሚመጣው ከእኔ መኝታ ቤት ግድግዳ ነው። ፀጉሯን ብቻ አደራ፣ አብዢላት።