የሰፊው አራት ጣት

ሸዋ በር ላይ ታክሲው እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሃምሳ ዓመት የሚጠጋት ሴት ብቻዋን ትስቃለች። ከጎኗ ያሉት እናት አላስቻላቸውም።

«ምን ያስቅሻል ልጄ?»

«ለልጄ ሰርግ ቀሚስ ልለካ ሰፊዬ ዘንድ ሄጄ ነው፣ እማማ።»

«ማሻአላህ! ታዲያ ይሄ ያስቃል?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሜትሩን ወገቤ ላይ ሲያዞር፣ ሆዴን ስቤ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምለካው።»

«የማይዝ አለ እንዴ?»

«ዛሬ ግን ወላሂ ሰለቸኝ። አራት ልጅ የተሸከመ ሆድ ነው፣ ይረፍ ብዬ ለቀቅኩት።»

«አበጀሽ! እሱስ ምን አለ?»

«ሜትሩን አየ፣ እኔን አየ። ‹ዛሬ አመመሽ እንዴ?› አለኝ።»

«ውይ!»

«‹አይ፣ ልኬ ይሄው ነው› ስለው በሳቅ ሞተ። ለካ ሁልጊዜም አራት ጣት እየጨመረ ነበር የሚሰፋልኝ!»

«እያወቀ?»

«እያወቀ! እኔ ደግሞ ቀሚሱ ልክክ ሲልልኝ፣ አልወፈርኩም እያልኩ ጎረቤት ላይ ስኮራ!»

«ያ አላህ፣ በሳቅ ልትገድዪኝ ነው!»

«ዘንድሮም በዚህ በእውነተኛው ልኬ ላይ እንደ ልማዱ አራት ጣት ከጨመረ፣ ለሰርጉ ድንኳን መከራየት አያስፈልገንም!»

«ይጨምር! እንደ ልብሽ ትበያለሽ።»

«እበላለሁ! እጨፍራለሁም!»

«ቆይ፣ ይሄን ሰፊሽን አሳዪኝ። እኔ በሰባ ዓመቴ እስካሁን ትንፋሼን እንደያዝኩ ነኝ።»

እኔም ከኋላቸው ጃኬቴን ወደ ፊት ሳብ አድርጌ፣ ቀበቶዬን በአንድ ቀዳዳ አላላሁት።