ሳይሰካ የጮኸው ሳጥን

እንደምን ዋላችሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ማይክራፎን ያስተካከሉት ተሸኚው ራሳቸው ናቸው። እኛ ድንኳን ስንተክል እሳቸው ሽቦ ይፈትሹ ነበር። "ጋሽ ደሞዝ፣ ዛሬ እንኳ ይቀመጡ እንጂ" ብላቸው፣ "በሚያፏጭ ማይክ አልሸኝም" አሉኝ።

ለማታውቁኝ፣ የትናየት እባላለሁ፤ የዚህ ጋራዥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ጋሽ ደሞዝ ከአምደወርቅ መጥተው ሥራ የጀመሩ ቀን መጀመሪያ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። በር ላይ ተቀምጫለሁ፤ አንድ ቀጠን ያሉ ሰው በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ፀሐይ እንዳያገኘው ሸፍነው፣ ቀስ እያሉ ይገባሉ። ልጅ የታመመባቸው አባት መስለውኝ ብድግ ብዬ ወንበር ለቀቅሁ።

"ስንት ወሯ ነው?" አልኳቸው።

"ወሯን እንጃ፤ አሥራ ሁለት ኢንች ናት" አሉኝ።

ጋቢው ሲገለጥ ስፒከር ነው። ከአምደወርቅ እስከ ሰቆጣ በሚኒባስ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነው ያመጧት። የራሳቸው ሻንጣ ጣራ ላይ ሆኖ አቧራ ሲቅም መጣ። ባለቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ እዚህ አሉ፤ ይመስክሩ። "ልጆቻችንን እንደዚያ አቅፏቸው አያውቅም" ብለውኛል።

እንግዲህ የቆምኩት ለሽኝት ነው ተብሏል። እውነቱን ለመናገር ግን ለሙግት ነው። ሰኞ ዕለት ጋሽ ደሞዝ የመሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣ "የትናየት፣ ከእንግዲህ በዚህ በር አልገባም። ጡረታ የወጣ ሰው በሥራ ሰው መሃል ቆሞ መንገድ መዝጋት የለበትም" አሉኝ። ነገሩ ከንክኖኝ ሳለ መልስ ሳይጠብቁ ወጡ። መልሴን ዛሬ በሰው ፊት፣ እሳቸው ባስተካከሉት ማይክ ልሰጥ ነው።

የጋሽ ደሞዝ ሥራ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው፤ ነፍሳቸው ግን ያለችው ቴፑ ላይ ነው። መኪና ሲመጣላቸው መጀመሪያ በሩን ከፍተው ይዘጉታል። እንደገና ከፍተው ይዘጉታል። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው "ይቺ ሳል አለባት" ይላሉ። ባለመኪናው የመጣው ስፒከር ሊያስገባ ነው። እሳቸው ቴፑን አጥፍተው፣ ባለቤቱን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ በአበርገሌ መንገድ ኮረኮንቹ ላይ ይዘውት ይሄዳሉ፤ የሚንኳኳውን፣ የሚንሿሿውን ሁሉ ሊያዳምጡ። ሰው ይናደዳል። "ጋሼ፣ እኔ ዘፈን ነው ያልኩት" ሲላቸው፣ "መኪናህ ራሷ እየጮኸች ዘፋኙን ማን ይሰማዋል?" ይላሉ። ሲመለሱ የበሩን ልባጥ ፈትተው ውስጡን በባና ይጠቀጥቁታል። አዎ፣ ሌሊት በምንለብሰው የበግ ጠጉር ባና። በዚህ ከተማ ብርድ የማይገባው የመኪና በር ካያችሁ የጋሽ ደሞዝ እጅ አለበት።

ስብሰባ ላይም ያው ናቸው። ኃላፊያችን አቶ ኪዳኑ የዓመቱን ዕቅድ ሲያነቡ ጋሽ ደሞዝ ከኋላ እጅ ያወጣሉ። ሐሳብ ሊሰጡ ነው ብለን ዞር ስንል፣ "ያ ቆርቆሮ ይንኳኳል፤ አንድ ምስማር ይበቃዋል" ይላሉ። ሽቦ አልታዘዝ ሲላቸው በኽምጣኛ ይራገሙታል፤ ሲታዘዝላቸው በአማርኛ ይመርቁታል። እኛም ምሳ የምንጋብዛቸው የትኛው ቋንቋ ላይ እንዳሉ አይተን ነው።

አሁን ወደ ቀይዋ መኪና ልምጣ፤ ሁላችሁም የምትጠብቁት እሷን ነው። ንጋቱ ይኸው እዚያ ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል። ካቻምና ጥቅምት ከዐረብ አገር ተመልሶ ሊያገባ ሲል ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ይዞ ሰቆጣ ገባ። መሬት ለመሬት የምትሳብ መኪና ናት። የግቢያችን በር ላይ ሆዷ ነክቶ ስለ ቆመች ወጥተን ድንጋይ ደለደልንላት። ዘበኛችን አይቷት አይቷት፣ "ይቺ መኪና ናት ወይስ መጥረጊያ?" አለ።

ንጋቱ በኩራት ወረደና "ጋሼ፣ ሠርጌ ነው። ድምፁ ከሩቅ እንዲሰማ ነው የምፈልገው" አላቸው።

"ከሩቅ የሚሰማው ማን ነው?"

"ሕዝቡ ነዋ።"

"አንተስ?"

ንጋቱ ግን ትልቅ የቤዝ ሳጥን ይሠራልኝ አለ፤ ደንበኛ ነውና ጋሽ ደሞዝም እሺ አሉ።

ታዲያ እሳቸው ብቻ ሊሳሳቱት የሚችሉትን ስሕተት የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሳጥኑን ከጣውላ አሳምረው ሠሩ፤ ፊቱ ላይ ክብ ቀዳዳ አወጡለት። መጋጠሚያው አየር እንዳያሳልፍ የሚደፈንበት ማስቲሽ ከገበያ ጠፍቶ ነበርና፣ ከአባታቸው ቤት በመጣ ሰፈፍ ደፈኑት። ኮላው ይሸታል፣ ለሙሽራ አይሆንም ብለው ደግሞ በወይራ አጠኑት። ከዚያ እንዲናፈስ የመሣሪያ ክፍሉ ጣራ ላይ አወጡት። እስቲ አስቡት፤ የንብ አርቢ ልጅ፣ ሰም የተቀባ፣ በወይራ የታጠነ፣ ክብ በር ያለው ሳጥን፣ በጥቅምት፣ ዋግ በአበባ ተሸፍኖ ሳለ ጣራ ላይ ያወጣና "ስፒከር ነው" ይላል። ለንቦቹ ማን ይንገራቸው?

ሠርጉ እሑድ ሊሆን ዓርብ ዕለት ንጋቱ ሚዜዎቹን አስከትሎ መጣ። ቀና ብሎ ሳጥኑን አዳመጠና፣ "ጋሼ፣ ሳይሰካ መጮህ ጀመረ እንዴ?" አለ።

ጋሽ ደሞዝ ፊታቸው ሳይፈታ "ቤዙ ደኅና ነው" አሉት።

ሚዜዎቹ መንጋውን ሲያዩ ሱፋቸውን ሰብስበው ሮጡ። አቶ ኪዳኑ "በጭስ ይባረር" አሉ። ጋሽ ደሞዝ ግን መሰላሉን ይዘው ቆሙ። "የገባ ንብ አይባረርም። ወዶ ነው የመጣው" አሉ። የንጋቱ ፊት ጠቆረ። አይፈረድበትም፤ ሠርጉ ነው።

"እሺ እኔስ?" አላቸው።

"አንተንም አላባርርህም። ና ግባ" አሉት።

ያለ ሳጥኑ ሠሩለት። በሮቹን በባና ጠቀጠቁ፤ የደከሙትን ስፒከሮች አውጥተው የተሻሉ አስገቡ፤ ማጉያውን ወንበር ሥር አሰሩ። ከዚያ መደርደሪያቸው ላይ ሄዱና ያቺን በጋቢ ታቅፋ የመጣችውን ስፒከር አወረዱ። ስንት ሰው ሽጡልኝ ብሎ የለመናቸው ናት። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ገጠሟትና "ይቺ የሠርግ ስጦታዬ ናት" አሉት። መስኮቱን ዘግተው፣ ዘፈን ከፍተው ንጋቱን ብቻ ይዘው ወጡ።

ሲመለሱ ንጋቱ ቶሎ አልወረደም። ጠጋ ብል ዓይኑ ቀልቷል። "ምን ሆንክ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ይህን ዘፈን እዚያ አገር ስንት ዓመት በስልክ ሰማሁት። ብዙ ሆነን ነበር የምንተኛው፤ ሰው እንዳልረብሽ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ነው የምሰማው። ከኋላው ሌላ ክራር እንዳለ ዛሬ ሰማሁ" አለኝ። የሠርጉ ዕለት ቀይዋ መኪና መስኮቷን ዘግታ በዝግታ አለፈች። ሕዝቡ ምንም አልሰማም። ሙሽሮቹ ግን ሰምተዋል።

ጋሽ ደሞዝ፣ አሁን ቀልዱን ልተው። በዚያ ክፉ ጊዜ፣ መብራትም ስልክም በጠፋበት፣ ከተራራው ማዶ ያለ ወገናችን ይኑር አይኑር በማናውቅበት፣ እርስዎ ከቆመ መኪና ሬዲዮ ያለው ቴፕ ፈትተው፣ በባትሪ አስነስተው፣ ስፒከሩን በር ላይ ሰቀሉልን። ሰፈሩ ሁሉ ዜና ሊሰማ ይመጣ ነበር። እናቴ አማርኛው እምብዛም አይገባትም፤ እርስዎ አጠገቧ ተቀምጠው በኽምጣኛ ይነግሯት ነበር። ክፉ ክፉውን እየዘለሉላት እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ያን ዓመት እናቴ እንቅልፍ ያገኘችው በእርስዎ ነው። እስከ ዛሬ አላመሰገንኩዎትም፤ ምን እንደሚባል ስላላወቅሁ ነው። አሁንም በደንብ አላውቅም። ብቻ እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን ወደ ሙግቱ። መንገድ እዘጋለሁ ላሉኝ መልሴ ይኸው። ሳጥኑ ዛሬም ጣራው ላይ አለ። አምና ኅዳር እርስዎ ለቅሶ ሄደው ሳሉ አቶ ኪዳኑ "ማሩን እኔ እቆርጣለሁ" ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ የዞኑን ስብሰባ በአንድ ዓይን እንደተካፈሉ ሁላችንም እናውቃለን። እርስዎ ተመልሰው በእርጋታ፣ በባዶ እጅዎ ቆረጡት። ያ መንጋ የሚያውቀው ሰው አንድ ነው።

ቁልፉንም ይውሰዱ፤ ይኸውልዎት። እኔ የግምጃ ቤት ሰው ነኝ፤ ጠረጴዛ ላይ ተትቶ የተኬደ ዕቃ ያለ ሞዴል ቅጽ አልረከብም። ደግሞም የገባ አይባረርም ያሉን እርስዎ ነዎት። እርስዎም በዚህ በር ወደው ነው የገቡት፤ ስፒከርዎን ታቅፈው። የጡረታው ደብዳቤ ከላይ ነው የመጣው፤ ከእኛ ወገን "አይምጡ" ያለዎት የለም።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ። ጠጁን የጣሉት እትዬ ማንጠግቦሽ ናቸው፤ ማሩ የዚያ ሳጥን ማር ነው። ንጋቱ፣ አንተም ጠጣ፤ ሳጥኑ ያንተ ነበር።

ጋሽ ደሞዝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ጆሮዎን ይጠብቅልን። እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ከነገ ጀምሮ የቤትዎን በር ሁሉ እየከፈቱ ሲዘጉብዎት ትዕግሥቱን ይስጥዎት። ሲሰለችዎት እሳቸውን ወደ እኛ ይላኩልን። ጋሽ ደሞዝ፣ ማሩ ሲደርስ ደግሞ ማንም መሰላሉን አይነካም፤ እርስዎን እንጠብቃለን።

ለጋሽ ደሞዝ። እስከ ኅዳር።