የዳንግላዋ ሰማያዊ መኪና ሠሪ፦ የአቶ ሽባባው ቢሻው ዜና ሕይወት

ሐዘናችንን ለመካፈል ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወገኖች፣ የምትሰሙት የአቶ ሽባባው ቢሻው የሕይወት ታሪክ ነው። የማነብላችሁ የእኅታቸው ልጅ ዓባይነህ ነኝ፤ ሙያዬ ጋዜጠኝነት በመሆኑ ቤተሰቡ እንድጽፍ አዘዘኝ። ከዚህ ቀደም ስለ እርሳቸው የጻፍሁት ስሕተት ስለ ነበረ፣ ይህ ንባብ እርማትም ጭምር ነው።

አቶ ሽባባው ከአባታቸው ከአቶ ቢሻው አየነው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ይታይሽ ወገኔ በዘንገና ሐይቅ አጠገብ በ1940 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ስመ ጥር ፈረሰኛ ሲሆኑ፣ በግልቢያ ማን እንደ ቀደመ በተጠየቁ ቁጥር «ያየ ይናገር» ከማለት በቀር ስለ ራሳቸው ቃል አይወጣቸውም ነበር፤ ሰው ለገዛ ሥራው ምስክር አይቆምም የሚለውን ይህን ልማድ ልጃቸውም እንዳለ ወረሱት።

በቤታቸው የሚነገረው አገውኛ ስለ ነበር፣ አማርኛን ያጠኑት ዳንግላ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ሲማሩ ነው። ስድስተኛ ክፍልን አጠናቀው ጋራዥ በመግባት የላሜራ ሥራ የተማሩ ሲሆን፣ ቆርቆሮ የሳሳበትን ቦታ በመዶሻው ድምፅ ብቻ የሚለዩ ባለሙያ ሆኑ። በ1966 ዓ.ም. ተገልብጦ የተጣለ አነስተኛ የጣሊያን ጭነት መኪና ሞተርና ሻንሲ ገዝተው፣ አካሉን ከነዳጅ በርሜል ቀጥቅጠው፣ የውስጡን አጥንት ከዋንዛ ጠርበው፣ ወንበሩን ኮርቻ ሰፊው አቶ እንየው በቆዳ ለብጠውላቸው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አንዲት ሰማያዊ የቤት መኪና ሠሩ።

በ1969 ዓ.ም. ወ/ሮ ስሜነሽ ዓለሙን በሕግ ሲያገቡ ሙሽራዪቱ የመጡት በዚያችው መኪና ነው፤ ከዚያም ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ የጎረቤቱን ሙሽራ ሁሉ በነጻ አጓጉዘውባታል። ከትዳራቸውም መሳፍንትንና ሰርክአዲስን አፍርተው፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

ነገር ግን ስትሠራ ያዩዋት ሰዎች እያለፉ፣ ሊብሬዋም በ1983ቱ ግርግር ጠፍቶ፣ መኪናዋን ማን እንደ ሠራት አይቻለሁ የሚል ጠፋ። በ2009 ዓ.ም. ታሪኳን ልጽፍ መጥቼ ሠሪዋን ብጠይቃቸው፣ «ያየ ይናገር፤ መርማሪው አንተ አይደለህ?» አሉኝ። ወ/ሮ ስሜነሽ «እሳቸው ናቸው የሠሯት» ቢሉኝም የሚስት ምስክርነት ነው ብዬ አለፍሁት። ሞተሩ ላይ ያለውን የጣሊያን ጽሑፍ አንብቤ፣ የአጎቴን ዝምታ እንደ አለማወቅ ቆጥሬ፣ መኪናዋ ስሙ ያልታወቀ ጣሊያናዊ የእጅ ሥራ ናት ብዬ አተምሁ። የሞተሩን ትውልድ የመኪናዋ ትውልድ አደረግሁት። ከአባታቸው ልማድ ጋር ያደግሁ የእኅታቸው ልጅ ነኝና፣ ያ ዝምታ ምን እንደ ሆነ ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ የባጃጅ ነጂዎች ባለፉ ባገደሙ ቁጥር «ሲኞር፣ የጣሊያኑን አደራ መቼ ነው የሚመልሱት?» ይሏቸው ነበር። አብረው ይስቁ ነበር፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ በመኪናዋ ሙሽራ አላጓጓዙም። ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ራዲያተሯ ያፈሳል» ይሉ ነበር። ልጃቸው መሳፍንት በቅርቡ አይቶታል፤ አያፈስም።

ባለፈው ዓመት ጥርጣሬ ስለ ገባኝ ፍለጋውን እንደገና ጀመርሁ። ከብዙ ምልልስ በኋላ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ አሮጌ ፋይል መካከል የግንቦት 1968 ዓ.ም. የተሽከርካሪ ምርመራ ቅጽ አገኘሁ፤ «የአካሉ ሠሪ፦ ሽባባው ቢሻው፣ ዳንግላ» ይላል። በዚያን ጊዜ አቶ ሽባባው በኩላሊት ሕመም እንጅባራ ተኝተው ይታከሙ ነበር። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ ቅጹ ሁለቱንም ጊዜ በኪሴ ነበር። በሁለተኛው ቀን «ሠሪውን አገኘኸው?» ብለው ጠየቁኝ። አንድ ወረቀት ብቻውን አይበቃም የሚል የሥራ ደንብ ስላለኝ «እያጣራሁ ነው ጋሼ» አልኋቸው። «አጣራ፣ ደግ ነው» ብለው ውኃ ለመኑኝ።

ሐሙስ ዕለት ወንበሯን የሰፉትን አቶ እንየውን ዘንገና አካባቢ በሕይወት አገኘኋቸው። «ቆዳውን እኔ ሰፋሁ፣ ቆርቆሮውን እሱ ቀጠቀጠ፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ። ከዚያ በቀጥታ አጎቴ ወደ ተኙበት ሕክምና ቤት ከመሄድ ይልቅ አሳምሬ ጽፌ ልውሰድላቸው ብዬ ቤት ተቀመጥሁ። አቶ ሽባባው ትናንት ዓርብ ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። ጽሑፉ አላለቀም ነበር።

ስለዚህ ለእርሳቸው መንገር የነበረብኝን ለእናንተ እነግራለሁ፤ መኪናዋን የሠሯት አቶ ሽባባው ቢሻው ናቸው። ጣሊያናዊ ሠሪ አልነበረም። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ በእርሱ የሳቀ ሰው ቢኖርም ያሳቅሁት እኔ ነኝ።

አቶ ሽባባው ባለቤታቸውን ወ/ሮ ስሜነሽን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም በገዛ እጃቸው የሠሯትን አንዲት መኪና ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ሁለተኛ ምስክር ሳይጠብቅ የሰውን ሥራ የሚያውቅ ዳኛ ነውና፣ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኛም እውነቱን በጊዜው መናገርን ይስጠን። አሜን።