ገንፎን ከሜኑ ያላስወጡት ወይዘሮ አሰፋሽ ሆርዶፋ

ወይዘሮ አሰፋሽ ሆርዶፋ ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ አምቦ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው፣ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ከአባታቸው ከኦቦ ሆርዶፋ ሌንጂሳና ከእናታቸው ከአዴ ሃዋኒ ቦጂያ በ1954 ዓ.ም. በጎጆ ከተማ የተወለዱት ወይዘሮ አሰፋሽ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው ወደ አምቦ በመምጣት በሰው ምግብ ቤት ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. የጊንጪ መስመር ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ፍጹም አመለሸጋ ጋር ጋብቻ መሥርተው ፊራኦልንና ሜቲን ወልደዋል። በ1990 ዓ.ም. መነኻሪያው አጠገብ የራሳቸውን ምግብ ቤት ሲከፍቱ ከሁሉ አስቀድመው ያቀረቡት የገብስ ገንፎ ነበር። ገንፎ የአራስ ምግብ ነው ስለሚባል፣ ወንድ ገንፎ ሲያዝዝ አጠገቡ የተቀመጡት «እንኳን ማርያም ማረችህ!» እያሉ ይሳለቁበት እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ወይዘሮ አሰፋሽ ግን ከወጥ ቤት ብቅ ብለው ተሳላቂውን «አንተንም እናትህ ይህን በልታ ነው ያጠባችህ፤ አርፈህ የራስህን ብላ!» ይሉት ነበር።

ልጃቸው ፊራኦል በአዲስ አበባ የሆቴል ሙያ ተምሮ በ2011 ዓ.ም. ሲመለስ ፒዛ፣ በርገርና ሻዋርማ ያለበት አዲስ ሜኑ አሳተመ፤ ገንፎ አልነበረበትም። «እማዬ፣ ተማሪው የሚጠይቀው ፒዛ ነው» ቢላቸው፣ በማግሥቱ በየሜኑው አናት ላይ በእስክሪብቶ «ገንፎ» ብለው ጽፈው ጠበቁት። «አንተ ፒዛህን ጋግር፤ ገንፎዬን ግን ማንም አይነካትም!» አሉት። ማናቸውም ስላልተበገሩ ተዋዋሉ፤ በሦስት ወር ውስጥ ከበላተኛ ፊት እየተረፈ መመለስ ያበዛው ምግብ ከሜኑ ይወጣል፤ ዳኛዋም ሳህን የምትቀበለው የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ዱሬቲ ትሆናለች።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፒዛው እንደ ቁርበት እየደረቀ ግማሽ በግማሹ ተመለሰ፤ የገንፎው ሳህን ግን ተጠርጎ ይመጣ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የፒዛው ቂጣ ለሰለሰ፤ ፊራኦልም ዱቄት ስለቀየርኩ ነው አለ። ሦስት ወሩ ሲሞላ የሚመለስ ምግብ በመጥፋቱ ሁለቱም በሜኑው ላይ ቀሩ፤ የጉደር ተማሪዎች ለፒዛው፣ ሾፌሮች ለገንፎው ይመጡ ጀመር።

ከ2015 ዓ.ም. አንሥቶ በኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ቢውሉም፣ ዘንድሮ በታተመው ሜኑ ገንፎ በመጨረሻው ገጽ «ሌሎች» ከሚለው ሥር መግባቱን ሲያዩ፣ ሜኑው በሙሉ እንደገና እንዲታተም አድርገዋል።

ባለቤታቸው በ2004 ዓ.ም. የቀደሟቸው ወይዘሮ አሰፋሽ፣ ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች ትተውልን ሄደዋል። የስንቱን መንገደኛ ረሃብ ያስታገሡትን እናታችንን ፈጣሪ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ቤተሰባቸውንም ያጽናልን።

ይህ ጽሑፍ ከተዘጋጀ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት ዱሬቲ አንድ ነገር ነግራናለች። ከዚያ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በየማለዳው፣ ፊራኦል ሳይመጣ፣ እሱ አቡክቶ ያሳደረውን ሊጥ አውጥተው በራሳቸው ሊጥ ሲተኩ የኖሩት ወይዘሮ አሰፋሽ ናቸው፤ ከታመሙም ወዲህ ዱሬቲ በእሳቸው አሠራር ቀጥላለች። ፊራኦል ይህን የሰማው ዛሬ ነው።