ሁለቱ እርሳሶች

ባለፈው ሐምሌ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ዝናብ ሲይዘኝ አንድ ወተት መሸጫ ደጃፍ ተጠለልኩ። ወዲያው ጋሽ ሽኩር ሁለት ሊትር ወተት ይዘው ከውስጥ ብቅ አሉ። ጋሽ ሽኩር ከምናለሽ ተራ ገበያ ጀርባ፣ በግቢያቸው ውዳቂ አልሙኒየም እያቀለጡ ድስት የሚሠሩ፣ ሰፈሩ የሚያከብራቸው ጎረቤቴ ናቸው። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ኬሚስትሪ የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ አፍርባታለሁ።

«ለሀምዲያ ነው?» አልኳቸው። ሀምዲያ የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ናት።

«ለማን ይሆናል መምህር! ወተት መርዝ ያጥባል። እኔስ አርባ ዓመት እሳት ፊት የቆምኩት በምን ሆነና? ግን ልጅቷ አልተሻላትም። ትናንት ሐኪሙ ቁጥሩ ጨምሯል አለኝ።»

ቁጥሩ የደሟ ምርመራ ነው። ከአራት ወር በፊት ሆዷን ሲቆርጣት፣ የምታውቀው ቃል ሁሉ ሲጠፋባት ሐኪም ቤት ተወሰደች። ሐኪሙም «ደሟ ውስጥ እርሳስ አለ» አላቸው። ሐኪሙ ያለው እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ነበር፤ ጋሽ ሽኩር ያንን ማዕድን ዕድሜ ልካቸውን አቅልጠውታል፤ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ አውጥተው የሚዛን ክብደት ይሠሩበታል። ግን በእሳቸው ግቢ ስሙ «የባትሪ ሆድ» ነው። እርሳስ ሲባል የሚታያቸው መጻፊያው ብቻ ነው።

ስለዚህ በቀጥታ ፋንታዬ ዘንድ ሄዱ። ፋንታዬ የሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። «ልጄን እርሳስ አስበላሻት» አሏት። ሀምዲያን ከትምህርት አስቀሩ፣ እርሳሶቿን ለቅመው እሳት ውስጥ ጨመሩ። ያም አልበቃ ብሎ ለወላጆች ኮሚቴ የክስ ደብዳቤ ገባ። ከሠላሳ ሕፃናት ፋንታዬ ጋ የቀሩት አሥራ አንድ ናቸው።

ያንን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመጻፊያ እርሳስ ውስጡ ካርቦን እንጂ ያ ማዕድን አለመሆኑን ለስንቱ ተማሪ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ያን ዕለት ግን ጋሽ ሽኩር እያለቀሱ መጡ፤ «ተሳስተዋል» ማለት ከበደኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝ። ምናልባት የላዩ ቀለም ይሆናል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ከታች የፈረሙት እሳቸው ናቸው፤ የእኔ ስም የለበትም።

እንዲህ ቆመን ሳለ ኢየሩስ ጃንጥላዋን አጥፋ አጠገባችን ተጠለለች። የድሮ ተማሪዬ ናት፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ከባድ ብረቶችን ታጠናለች። መጋቢት ላይ የሰፈሩን ጣሪያ አቧራና የድስት ፍቅፋቂ ስትሰበስብ ነበር። በሀምዲያ እናት ፈቃድም የልጅቷን ደም ወስዳለች።

«ጋሽ ሽኩር፣ እርስዎ ቤት እየመጣሁ ነበር» አለች በአክብሮት ጎንበስ ብላ። «ውጤቱ ደርሷል። የፋንታዬን እርሳሶችም ከኮሚቴው ወስጄ መርምሬአቸዋለሁ፤ ውስጣቸው ሐኪሙ ያለው ማዕድን የለም፣ ቀለማቸውም ንጹሕ ነው። በልጅቷ ደም ውስጥ ያለው እርስዎ የባትሪ ሆድ የሚሉት ነው።»

ጋሽ ሽኩር ፊታቸው ተለዋወጠ። «ልጄ፣ ፋንታዬ ወዳጅሽ ናት?»

«አላውቃትም። ሚዛኑም አያውቃትም።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ባትሪውን ሳቀልጥ ጭሱ መርዙን ይዞት ይሄዳል። ጭሱ ሲነጻ ብረቱም ነጻ ማለት ነው። አባቴ ያስተማረኝ እንደዚህ ነው፤ እሱም በሰማንያ ዓመቱ ነው የሞተው።»

ኢየሩስ አልቸኮለችም። «ከጎጃም በረንዳ ሁለት ተሸካሚዎች እኩል ቢነሡ፣ አንዱ ኩንታል፣ አንዱ ግማሽ ኩንታል ይዞ፣ ማን ይቀድማል?»

«ግማሽ የያዘው ነዋ።»

«የባትሪው ሆድም እንደዚያ ነው። አንድ ማዕድን ነው፤ ውስጡ ግን ቀለል ያለና ከበድ ያለ አተም አለ፣ አይሶቶፕ እንላቸዋለን። ሲግል ቀላሉ ቀድሞ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ከባዱ ወደ ኋላ ይቀራል። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ውጭ አገር ልኬ ነው ያስለካሁት። ጣሪያዎ ላይ ባረፈው አቧራ ቀላሉ በዝቶ ተገኘ። ስለዚህ ጭሱ አልሄደም፣ ቤትዎ ላይ ነው ያረፈው። ከባዱ ደግሞ ድስት ውስጥ ተገኘ።»

«የምን ድስት? እኔ ድስት የምሠራው ከአልሙኒየም ነው።»

«በየትኛው ማቅለጫ?»

ማቅለጫው አንድ ነው። ጠዋት ባትሪ፣ ከሰዓት አልሙኒየም። ግቢያቸው ስንት ጊዜ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም።

«ሰውነትም ይህን ልዩነት ጥቂት ይለዋውጠዋል፤ ስለዚህ በአንድ ልጅ ደም ብቻ አልምልም» አለች። «ግን የሀምዲያ ደም ከአቧራው ይልቅ ወደ አንዲት ድስት ያደላል። እጀታዋ ላይ ጨረቃ ያለባት፣ ትንሿ።»

«እሷንማ ሀምዲያ ስትወለድ የሠራሁላት ናት» አሉ። ቀጥሎ ድምፃቸው ወረደ። «ወተቷን የምናፈላባት።»

ያቀፉትን ወተት አዩት። እኔም አየሁት። መድኃኒት ብለው ጠዋትና ማታ ያጠጧት ወተት መርዙን ከድስቷ እያጠበ ለልጅቷ ሲሰጣት ከርሟል።

«እኔ ግን ይኸው አለሁ» አሉ ደከም ብለው። ሙግቱ ልማድ ሆኖባቸው እንጂ ልባቸውስ ቀድሞ ተሸንፏል።

«እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ የሕፃን አንጀት ከትልቅ ሰው አብልጦ ይቀበለዋል። እርስዎም ቢሆኑ ጋሼ፣ እጅዎ ለምን ይንቀጠቀጣል? ደግሞስ እርሳሶቹን ከነጠቋት አራት ወር ሆነ። ጥፋቱ የእነሱ ቢሆን ቁጥሩ ለምን ይጨምራል?»

ጋሽ ሽኩር «ወላሂ፣ በገዛ እጄ» አሉና ግድግዳውን ተደገፉ። «ፋንታዬን በሰው ፊት አዋረድኳት። መምህር፣ እርስዎ እንኳ ቢያውቁ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንገቴን ደፋሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ሽኩር ድስቷን በመዶሻ ጨፍልቀው፣ ሦስት ፓኬት እርሳስ ገዝተው መጡ፤ አብረን ወደ ፋንታዬ የክረምት ትምህርት ክፍል ሄድን። ጋሽ ሽኩር በአሥራ አንዱ ሕፃናትና በኮሚቴው ሰዎች ፊት ቆመው «ሐሰት ተናግሬብሻለሁ፤ ለአላህ ብለሽ ይቅር በይኝ» አሏት። ደብዳቤውን ማን እንደጻፈላቸው አልተናገሩም። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር።

«ፋንታዬ» አልኩ። «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሐሰት መሆኑንም አውቅ ነበር።»

«አውቃለሁ መምህር» አለች ቀስ ብላ። «ስምንተኛ ክፍል አስተምረውኛል። የእጅ ጽሑፍዎን ከሰሌዳ ላይ አንድ ዓመት ሙሉ ገልብጬዋለሁ። የእርሳስ ውስጡ ካርቦን መሆኑንም የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ለኮሚቴው ብናገር ማንም አላመነኝም፤ እርስዎ መጥተው ይነግሩልኛል ብዬ አራት ወር ጠበቅኩ።»

ይቅር አለችን። ይቅርታዋ ከቁጣ ይልቅ አቃጠለኝ።

ዛሬ ጋሽ ሽኩር ግቢ ባትሪ አይፈታም፤ እንዳለ ለሚረከቡ ይሸጣል። ለአልሙኒየሙ አዲስ ማቅለጫ ገዝተዋል፤ የሚበላበት ድስት ግን መሥራት ትተው የመስኮት እጀታ ያወጡበታል። ጣሪያና ወለሉ በውኃ ታጥቧል። እሳቸውም የሥራ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ፣ እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ ልጅቷን አያቅፉም። ወተቷ በተገዛ የስቲል ድስት ይፈላል፤ ወተት አጥንት ያጠነክራል እንጂ ይህን መርዝ እንደማያጥብ ለጎረቤቱ የሚያስተምሩት አሁን እሳቸው ናቸው። የሀምዲያ ቁጥር በሦስት ወር በግማሽ ወርዷል። የጠፋባት ቃል ሁሉ ይመለስ እንደሆን ሐኪሙም አያውቅም። ፋንታዬ ጋ አሁን ሃያ ስድስት ሕፃናት አሉ፤ አራቱ አልተመለሱም።

አንባቢ ሆይ፣ ያላወቀ ሰው ሲነግሩት ይመለሳል፤ ጋሽ ሽኩር በአንድ የዝናብ ሰዓት ተመልሰዋል። አውቆ ዝም ያለውን ግን ማን ይመልሰዋል? የምታውቀውን እውነት ለሽማግሌም ቢሆን በአክብሮት ተናገር፤ ይሉኝታ ልጅ አያድንም።

ያኔ ደብዳቤው ላይ ስሜን አልጻፍኩም። እዚህ ልጻፈው፤ ከተማ አሸብር እባላለሁ፤ የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ።